«ለምን አልቆምክም?»



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ከኪታብ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ይጀምራል። ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሦስት ጁሙዓ አለፈኝ። የሠሩትን ወንጀል አደባባይ ማውጣት በዲናችን የተወደደ አይደለም፤ አላህ የሸፈነውን መሸፈን ነው ደንቡ። ይሄኛው ግን የሌላ ሰው ሐቅ ያለበት ጉዳይ ነው። ደግሞም ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ነው፦ «ኡስታዝ፣ በባጃጅ ድመት ገጨሁ»፣ «በግ ገጭቼ አመለጥኩ»፣ «የጎረቤት ውሻ ጎማዬ ስር ገባብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ»። እናንተን በመልስ ልሸኝ እኔ ግን ተደብቄ ልቅር? አይሆንም። የተበደሉትንም አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ ነበር። መግሪብ ሊገባ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ከመግሪብ በኋላ ደርስ ስላለብኝ ከአንድ ወዳጄ ጋር ወደ መስጂድ እየሄድን ነው። መኪናዋ የእሱ ቪትዝ ናት፤ የምነዳው እኔ። መንገዱ ኮልፌ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር የሚያቋርጥ የኮብልስቶን መንገድ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ሊነዳ ከሚገባው በላይ እየነዳሁ ነበር። ምክንያቴ «ጀመዓ እንዳያመልጠኝ» የሚል ስለሆነ ፍጥነቴ ራሱ ዒባዳ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ከቆመ ሚኒባስ ፊት አንድ ቡኒ ውሻ ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረስኩለትም። መኪናዋ ድው አለች። በስፖኪዮ ሳይ ውሻው በፊት እግሮቹ ሊነሳ ይሞክራል፤ የኋላ እግሮቹ ግን እንቢ ብለውታል።

«ኡስታዝ፣ በቃ ንዳው። ውሻ እኮ ነው። አዛን ሊል ነው» አለኝ ወዳጄ።

በእሱ አልፈርድም። እሱ ተናገረ እንጂ መሪው በእኔ እጅ ነበር። ነዳጅ ሰጠሁና ሄድኩ።

ጀመዓው ላይ ደረስኩ። ሰገድኩ። ኢማሙ ምን እንደቀራ ግን አላስታውስም። ደርሱንም ሰጠሁ፤ የተናገርኩት ነገር ለራሴ ጆሮ ባዕድ ነበር። ከዒሻ በኋላ ብቻዬን ወደዚያ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ውሻው የለም። ኮብልስቶኑ ላይ ውሃ ተደፍቶበታል። ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ልጅ ስጠይቀው «የእማማ ውሻ ነው፤ ግቢ አስገብተውታል» ብሎ ወደ አንድ የቆርቆሮ በር አመለከተኝ። እስከ በሩ ሄድኩ። ከውስጥ ሲያቃስት ይሰማል። ለማንኳኳት ድፍረት አጣሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁለተኛው ሽሽቴ ነው።

በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ጀለቢያዬንም ኮፍያዬንም እንዳደረግኩ፣ አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ነጠላ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ እናት ናቸው። «እማማ፣ ትናንት ውሻዎትን የገጨሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሊነጋጋ ሲል ሞተ» አሉኝ። «ውሻ መንገድ ይገባል ልጄ፤ ባንተ አልተጀመረም። እኛም በሩን ክፍት ትተን ነበር። ሌሊቱን ግን አላስተኛንም።»

ገንዘብ አውጥቼ ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ «መልሰው፤ ውሻ አልሸጥኩልህም» አሉ። በቁጣ አልነበረም ያሉት። ይሄኔ ከኋላቸው ስምንት ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ የገጨኸው?»

«አዎ።»

«ለምን አልቆምክም?»

ወንድሜ፣ እህቴ፣ «ለምን ገጨኸው?» አላለችኝም። መገጨቱን ተረድታዋለች። የጠየቀችኝ ከገጨሁት በኋላ ስላለው ነው። መልሱ አፌ ላይ ነበር፦ «ሶላት እንዳያመልጠኝ ብዬ።» ግን ዋጥኩት። ይህን ብዬ ብሄድ ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሶላት ስትሰማ የምታስታውሰው ምንድን ነው? ውሻዋ መንገድ ላይ ተጥሎ እያለ ሰውየው የሮጠበትን ነገር ነው። የእኔን ድክመት በዲኔ ላይ ላሳብብ? «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልኳት። እሷም ገባች።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚደርሱኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛ፦ እንስሳ በመኪና ገጭቶ መግደል ወንጀል ነው ወይ?

ሳታስበውና ሳትዘናጋ ከሆነ ወንጀል የለብህም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አሕዛብ፣ በስህተት በሠራነው ነገር ኃጢአት እንደሌለብን፣ የምንጠየቀው ልባችን ባሰበው እንደሆነ ነግሮናል። ከፋራም የለብህም። አንዳንድ ልጆች «ሁለት ወር ልጹም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። የሁለት ተከታታይ ወር ጾም በሱረቱ ኒሳእ የተጠቀሰው የሰው ነፍስ በስህተት ላጠፋ ሰው ነው፤ ለእንስሳ አይደለም።

ነገር ግን «ስህተት» የሚለውን ቃል በርካሽ አንጠቀምበት። ስልክ እያዩ መንዳት፣ ጫት ቅሞ እንቅልፍ እያዳፋው መንዳት፣ በሰፈር መንገድ እንደ ፈጣን መንገድ መብረር ስህተት አይባልም፤ መዘናጋት ነው። የእኔ መግጨት ከስህተት ይልቅ ወደዚህ ይቀርባል። ከገጨሁ በኋላ ጥዬ መሄዴ ግን ስህተትም መዘናጋትም አይደለም። አስቤበት ያደረግኩት ነው። ተውባ የሚያስፈልገውም ዋናው ለእሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ወንጀል ከሌለብኝ ካሳ ለምን እከፍላለሁ?

ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። በስህተት ሲሆን የሚነሳው ወንጀሉ ነው፤ የሰው ሐቅ ግን አይነሳም። ተኝተህ ስትገላበጥ የጎረቤትህን ብርጭቆ ብትሰብር አላህ አይጠይቅህም፤ የብርጭቆውን ዋጋ ግን ትከፍላለህ። ፉቀሃዎች ይህን «ደማን» ይሉታል። በግ፣ ፍየል፣ አህያ፣ ዶሮ ገጭተህ ከገደልክ የሰው ንብረት ነውና ዋጋው አንተ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ይቅር ካላለህ በቀር። ድመትም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ በባለቤትነት የምትያዝ ናት። ስለ ውሻ ዋጋ ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ብዙዎቹ በሐዲሡ መሠረት ዋጋ የለውም ሲሉ፣ ሐነፊዮች የሚጠቅም ውሻን ዋጋ ያለው ያደርጉታል። ዋጋ የለውም ማለት ግን ባለቤቱን ማስቀየም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሄዶ ይቅርታ መጠየቁ ግዴታችን ነው።

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለመኪናውን ኃላፊ ያደርጋል። ያው ሕግ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ የእንስሳውን ባለቤት ይጠይቃል። በዲናችንም እንዲሁ ነው። የበራእ ኢብኑ ዓዚብ ግመል የሰው አትክልት ውስጥ ገብታ ባበላሸች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀን ቀን አትክልቱን መጠበቅ የባለአትክልቱ፣ ማታ ማታ ከብቱን መጠበቅ ደግሞ የባለከብቱ ኃላፊነት እንደሆነ ፈርደዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ስለዚህ ውሻ ወይም ከብት ያላችሁ፣ በራችሁን ዝጉ፣ ማታ አስፋልት ላይ አትልቀቁ። ሹፌሩም የሰው ልጅ ነው።

ባለቤቱን ፈልገህ ፈልገህ ካጣኸው ዋጋውን በእሱ ስም ሰደቃ አድርገው። አንድ ቀን ከተገኘና ሐቁን ከጠየቀ ግን ልትሰጠው ይገባል።

ሦስተኛ፦ በዚያች ሰዓት ምን ላድርግ?

ከመገጨቱ በፊት ያለውን ልበል። እንስሳ ድንገት ሲገባባችሁ መሪ አትጠምዝዙ። ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። ድመት ለማዳን ተብሎ እግረኛ መግጨት ወይም ገደል መግባት የለም፤ የሰው ነፍስ ትቀድማለች።

ከተገጨ በኋላ፣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ሀዛርድ አብሩ። እንስሳው በሕይወት ካለ ከመንገድ አውጡት፤ ሌላ መኪና እንዳይደግመው፣ ሌላ ሰውም እንዳይጎዳበት። አስቸጋሪ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የተጎዳ ውሻ ወይም ድመት በሕመሙ ምክንያት ባለቤቱን እንኳ ይነክሳል፤ ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትስደዱ፤ በወፍራም ጨርቅ ወይም በጃኬት ሸፍናችሁ አንሱት። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን አለ፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ከዚያ ባለቤቱን ጠይቁ። የእንስሳት ሐኪም ካለ ውሰዱት። የማይድን ሆኖ ከተሰቃየስ? ሥጋው የማይበላን እንስሳ ከስቃይ ለመገላገል መግደልን አንዳንድ ዑለማዎች ሲፈቅዱ ሌሎች ከልክለዋል። እናንተ መንገድ ላይ ድንጋይ አንስታችሁ አትወስኑ። ለባለቤቱና ለሐኪሙ ተዉት። መቆም ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ በሌሊት ግመል ገጭታችሁ ሰው ቢነሳባችሁ፣ ሄዳችሁ ቅርብ ያለ ፖሊስ ጋር አመልክቱ። ይህ ሽሽት አይባልም። ሽሽት የሚባለው ማንም ሳያውቅ ማለፍ ነው። ያቺ ግመል እኮ የአንድ ቤተሰብ ወተትም፣ ሀብትም፣ የልጅ ማሳደጊያም ናት።

አራተኛ፦ የተገጨ በግ ይበላል?

በሱረቱል ማኢዳህ ተመትቶ የሞተና ወድቆ የሞተ ሐራም ከተደረጉት ውስጥ ተቆጥሯል፤ ሕይወቱ ሳይወጣ ደርሰን ያረድነው ሲቀር። ስለዚህ በጉ ነፍሱ እያለ «ቢስሚላህ» ብሎ በሥርዓቱ ያረደው ካለ ሐላል ነው። ከሞተ በኋላ ቢላ ማሳለፍ ግን ጥቅም የለውም፤ በክት ነው። ያም ሆኖ ቆዳው ከተለፋ ይጠቅማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሞተች በግ አጠገብ ሲያልፉ በቆዳዋ ለምን እንዳልተጠቀሙ ባለቤቶቿን መጠየቃቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የታረደው በግ ሥጋም የባለቤቱ ነው እንጂ ‹ገጨሁት› ብለህ ጭነኸው አትሄድም!

አምስተኛ፦ «ድመት ስለገጨሁ መጥፎ ነገር ይደርስብኛል» የሚባለውስ?

መሠረት የለውም። ገድና ገደቢስ ማለት በእስልምና ቦታ የለውም። ድመቷ ሞታ አትከተልህም። የሚከተልህ ሐቅ ካለብህ ሐቁ ነው፤ እሱን ክፈልና በአላህ ተመካ።

ስድስተኛ፦ ለእንስሳ ማልቀስ ያሳፍራል?

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት እህት ናት። አምስት ዓመት ያሳደገቻት ድመት በር ላይ ተገጭታባት ስታለቅስ ቤተሰቧ ስቆባታል። የኔ እህት፣ የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ልጁ አዝኖ ሳለ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው መጡ። ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ ተሸክመው እያለ ከሕፃኑ ጋር ስለ ወፉ አወሩ፤ በስሙ ጠርተው ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። «ወፍ እኮ ናት» አላሉትም። ታዲያ እኛ «ድመት እኮ ናት»፣ «ውሻ እኮ ነው» ማለቱን ከማን ተማርነው?

ወዳጆቼ፣ «ውሻ እኮ ነው» የምትለዋን ቃል ትንሽ እንቆይባት። ብዙዎቻችን ውሻ ነጃሳ ነው ሲባል እየሰማን አደግን። በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ማሊኪዮች ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ሐነፊዮች ነጃሳው ምራቁ ነው ይላሉ። ግን ነጃሳ መሆን ማለት ምን ማለት ነው? ከነካህ ትታጠባለህ ማለት ነው፤ በቃ። የሕፃን ሽንት ጨርቅም ነጃሳ አለበት፤ ሕፃኑን ግን አንጥለውም። ነጃሳነት የጦሃራ ሕግ ነው፤ የጭካኔ ፈቃድ አይደለም። ልብስህን ሰባት ጊዜ ብታጥበው ያለቀ ነገር ነው። ጥለኸው የሄድከው ነፍስ ግን በሳሙና አይለቅም።

ደግሞስ በቡኻሪና በሙስሊም ያለው ሐዲስ ስለ ማን ነው? ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር ስለሚልስ ውሻ ነው። ሰውየው ጉድጓድ ወርዶ፣ በጫማው ውሃ ሞልቶ፣ በአፉ ነክሶ ወጥቶ አጠጣው፤ አላህም ማረው። ሶሓባዎቹ በእንስሳትም አጅር እንዳለን ሲጠይቁ፣ ነፍስ ባለው ሁሉ ምንዳ እንዳለ ነገሯቸው። በሌላ በኩል ድመት አስራ እስክትሞት ድረስ በረሃብ የቀጣች ሴት እሳት ገባች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሰውየው ቸኩሎ ማለፍ ይችል ነበር። መንገደኛ ነበር፤ እሱም ራሱ ጠምቶት ነበር። ልዩነቱ ቆመ።

በመጨረሻ የሱለይማንን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። የሰው፣ የጂንና የወፍ ሠራዊት አሰልፈው ጉንዳኖች ሸለቆ ሲደርሱ አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን አስጠነቀቀች፤ ቤታችሁ ግቡ፣ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ አለች። ጉንዳኗ እንኳ «ሳያውቁ» ብላ ዑዝር ሰጥታቸዋለች። ያን የሚያህል ንጉሥ ግን ከእግሩ በታች ያለችውን ድምፅ ሰማ፤ ፈገግ አለ፤ ጌታውንም አመሰገነ፤ መልካም ሥራ እንዲሠራም ለመነው። እኛ መሪ ስንጨብጥ ትንሽ ሠራዊት ነን። ከፊታችን ያሉት ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና እንስሳት ደካሞቹ ናቸው። ጥያቄው ከመስታወቱ ውጪ ያለውን ድምፅ እንሰማለን ወይ ነው።

እኔ ያቺን ልጅ ካሳ ልክሳት አልቻልኩም። ለዚህ ጽሑፍ ላስፈቅድ ዳግም ስሄድ አያቷ ቡና አቀረቡልኝ። «ጻፈው፤ ስማችንን ግን ተው» አሉ። ልጅቷ ከክፍሏ አልወጣችም። ሐቋ ነው፤ ይቅርታን ሰው በግድ አይወስድም። ስወጣ እማማ በር ድረስ ሸኝተውኝ «በዚህ መንገድ ስታልፍ ቀስ በል ልጄ፤ ልጆች ይጫወቱበታል» አሉኝ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ነው የምወጣው። ጀመዓው ላይ ለመድረስ መፍትሔው ድሮም እሱ ነበር።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን ቅሩ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ። ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ሳታልፍም፣ ሳትቆሙ ያለፋችሁት በር ካለ አስታውሱት። እንስሳም ይሁን ሰው፣ ሂዱና አንኳኩ።

አላህ ሆይ፣ ሳናውቅ የረገጥነውን ማረን፤ እያወቅን ጥለን ያለፍነውን ተመልሰን እንድናስተካክል ድፍረቱን ስጠን። በመንገዳችን ላይ ላሉ ደካሞች አዛኝ ልብ ስጠን። አሚን።

ለሚነዳ ወዳጃችሁ አድርሱት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።